ሹሩባና ሴራ በአንድ ግሥ፦ «ጎነጎነ» የሚለው ቃል

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ መጨረሻ ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ መጽሔት ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ዘንድሮ አንዲት ተማሪ ስለ አያቷ በጻፈችው ወግ ውስጥ «የልጅነቷን፣ የስደቷንና የትዳሯን ታሪክ እንደ ሹሩባ ጎንጉና አጫወተችን» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባች። ጽሑፉን አብሮኝ ያረመው የሥራ ባልደረባዬ «ጎንጉና» የሚለውን በቀይ ሰርዞ «ሸምና» ሲል ተካው፤ ምክንያቱን ብጠይቀው «ጎነጎነ የሴራና የተንኮል ቃል ነው፤ ለአያት አይባልም» አለኝ። አልተስማማሁም፤ ነገር ግን የሚረታ ማስረጃ በእጄ አልነበረም። ስለዚህ ቃሉ በበጎ ነገር ላይ ይገባ እንደሆነ፣ ሸረበ፣ ታታና ሸመነ ከሚሉት ግሦችም በምን እንደሚለይ ቢያብራሩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ሌላም አለ። አፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ የሆነ ተማሪዎቼ «ሴራ ጎነጎነ» የሚለውን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ በእነርሱ ቋንቋ «ሴራ» ማለት ሕግ ነውና። ይህንንስ እንዴት ላስረዳቸው? በመጨረሻም አጻጻፉ «ጎነጎነ» ነው ወይስ «ጐነጐነ»?

መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ተማሪዎ የጻፈችው ትክክል ነው፤ በቀይ የተሰረዘው ቃል ወደ ቦታው ይመለስ። የባልደረባዎ ሥጋት ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። ጋዜጣ የሚያነብና ዜና የሚያዳምጥ ሰው ይህን ግሥ ከሴራ፣ ከደባና ከተንኮል ጋር ተጣብቆ ሲሰማ ስለሚውል፣ ቃሉ ራሱ ክፉ ሆኖ ቢታየው አያስደንቅም። ክፋቱ ግን የሚመጣው ከግሡ ሳይሆን ከተሳቢው ነው።

«ጎነጎነ» በመሠረቱ የእጅ ሥራ ግሥ ነው። ፀጉርም ይሁን ቃጫ፣ ሣርም ይሁን የቆዳ ጠፍር፣ ቀጫጭን ዘለላዎችን ይዞ አንዱን በሌላው ላይ እያሳለፉ አንድ ወጥ ነገር ማድረግን ያመለክታል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት እጅ ላይ ዓይንዎን ጥቂት ቢያሳርፉ ፍቹ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል። ፀጉሩን በሚዶ ከፍላ፣ ቅቤ አስነክታ፣ ከራስ ቅሉ ሥር በሦስት ትመድበዋለች። የቀኙን ዘለላ በመሐለኛው ላይ አሳልፋ እርሱን መሐለኛ ታደርገዋለች፤ ቀጥላ የግራውን እንዲሁ ታሳልፋለች፤ በየዙሩ ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተደብቆ የነበረው ብቅ ይላል። ጣቶቿ ጫፉ እስኪታሰር ድረስ ፀጉሩን አይለቁትም፤ ከለቀቁት መፈታት ይጀምራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን መደጋገምና መሸፋፈን ልብ ይበሉልኝ፤ የቃሉን ዕጣ የወሰኑት እነርሱ ናቸውና።

መደጋገሙ በግሡ ቅርጽ ላይ ሳይቀር ይታያል። «ጎነጎነ» ሁለት ተነባቢዎች ተደግመው የተሠራ ግሥ ነው፤ ቀጠቀጠ፣ ጎተጎተ፣ ሸረሸረ፣ ፈለፈለ የሚሉት በዚሁ መልክ የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም በአንድ ምት የማያልቀውን፣ እየተመላለሱ የሚሠሩትን ሥራ ይናገራሉ። እርስዎ ባሉበት በጅማ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲፈለፈል ያየ ወይም በቡና መፈልፈያ አጠገብ የቆመ ሰው ይህን የግስ ቅርጽ በዓይኑ አይቶታል ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ መትቶ «ፈለፈልኩ» የሚል የለም፤ አንድ ጊዜ አሳልፎ «ጎነጎንኩ» የሚልም የለም። አንዳንድ ሰዎች ቃሉን «ጎን ለጎን» ከሚለው አነጋገር ጋር ሲያዛምዱት ይሰማል። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ደግሞም ጎን ለጎን የተቀመጠ ነገር ገና አልተጎነጎነም።

አሁን ባልደረባዎን የሚያሳምን ማስረጃ እንፈልግ። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ጦር የተጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ሰማዕታት ሲታሰቡ፣ በስድስት ኪሎ ባለው ሐውልት ሥር «የአበባ ጉንጉን» ይቀመጣል። ዜና አንባቢው ይህን ሐረግ ሲናገር አንድም አድማጭ ተንኮል አይሸተውም። ቃሉ በተፈጥሮው የሴራ ቢሆን ኖሮ ከሰማዕታት ሐውልት ሥር ባልቀረበ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ ይህም የደስታ ሥራ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ቁጥር 29፣ ወታደሮቹ ከእሾህ አክሊል «ጎንጉነው» በክርስቶስ ራስ ላይ እንዳኖሩ እናነባለን። በዚህ ቦታ ድርጊቱ ክፉ ነው፤ ግሡ ግን የሚናገረው እጆቻቸው በእሾሁ ያደረጉትን ብቻ ነው፤ ክፋቱን ያወቅነው ከእሾሁና ከፌዙ ነው።

ስሙ «ጉንጉን»ም እንዲሁ ነው። የአበባ ጉንጉን፣ የፀጉር ጉንጉን፣ የገመድ ጉንጉን ስንል ነገሩ ንጹሕ ነው፤ ወደ ክፉው ልንወስደው ስንፈልግ «የሴራ ጉንጉን» ብለን ሴራውን በግልጽ መጨመር ግድ ይሆንብናል። ቃሉ ክፋትን ከራሱ የሚያፈልቅ ቢሆን ይህ ጭማሪ ባላስፈለገ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ልዩ ሁኔታ መኖሩን አልክድም። ተሳቢው ሳይጠራ ሲቀርና ነገሩ የእጅ ሥራ አለመሆኑ ሲታወቅ፣ ግሡ ወደ ጨለማው ያዘነብላል። «ያ ሰው ሰሞኑን ምን እየጎነጎነ ነው?» ብንል፣ ሰውየው ገመድ ሠሪ ካልሆነ በቀር፣ የምንጠይቀው ስለ ደባ ነው። «ጎንጓኝ» የሚለው ባለቤትን የሚያመለክት ስምም እንዲሁ ሆኗል፤ «ሴራ ጎንጓኝ»፣ «ተንኮል ጎንጓኝ» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ከመኖሩ የተነሣ ብቻውን ቢቆም እንኳ ስድብ ይመስላል። ባልደረባዎ የፈራው ይህንን ነው፤ ፍርሃቱን ግን ያላግባብ ወደ ግሡ ሁሉ አስፋፋው።

ታዲያ ሴራ ለምን ይጎነጎናል? ለምን አይሸመንም? ይህን ጥያቄ እርስዎ ባያነሡትም እኔ ልለፈው አልፈልግም፤ ለክፍል ውስጥ ውይይት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ይመስለኛልና። በእኔ አስተያየት መልሱ ከላይ ባነሣነው መሸፋፈን ውስጥ ነው። በጉንጉን ውስጥ እያንዳንዱ ዘለላ በተራው ይሰወራል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የትኛው ዘለላ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በዓይን መከተል ያስቸግራል። ዶላችም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሸማኔ ግን በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ ድሩን ፊት ለፊቱ ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ እያንዳንዱ ክር ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ለዚህም ይመስለኛል ሽመና በአማርኛ የአንድነት ምሳሌ ሆኖ የቀረው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ተዋደው የሚኖሩ ሕዝቦችንም «እንደ ድርና ማግ የተሳሰሩ» እንላቸዋለን፤ የኋለኛው ሐረግ በየስብሰባው ንግግር ውስጥ ከመደጋገሙ የተነሣ ጥቂት ቢደበዝዝም። ሴራ ከሽመና ይልቅ የሚስማማው ከጓዳ ሥራ ጋር ነው፤ ይጎነጎናል፣ ይሸረባል፣ እንደ ጠላም ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ በተከደነ ጋን ውስጥ ማንም ሳያየው ይፈላልና።

ለሁለቱም ወገን የሚያገለግል ሌላም ግሥ አለን። «አቀነባበረ» የሚለውን ይመልከቱ። በሙዚቃ አልበም ሽፋን ላይ «ቅንብር» ከሚለው ቀጥሎ የአቀናባሪው ስም በክብር ይጻፋል፤ በወንጀል ዜና ውስጥ ግን ያው ግሥ «ዝርፊያውን አቀነባብሯል ተብሎ የተጠረጠረ» በሚል ይመጣል። ሙዚቀኞቻችንን በዚህ ምክንያት የሚጠረጥር ሰው አላጋጠመኝም። ለ«ጎነጎነ»ም ይኸው ፍርድ ይገባዋል።

ወደ ልዩነቱ እንለፍ። «ሸረበ» ለ«ጎነጎነ» ከሁሉ የቀረበ ወንድሙ ነው፤ ሹሩባ ከሚለው ስም ጋር በአንድ ሥር የተያያዘ በመሆኑ በመጀመሪያ ደረጃ የፀጉር ግሥ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስም፣ በአንደኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 3፣ «ጠጉርን በመሸረብ» ተብሎ ተጽፏል። ሴራም ይሸረባል። ነገር ግን የአበባ ሽርብ ወይም የእንግጫ ሽርብ አንልም፤ የ«ጎነጎነ» ሜዳ ሰፊ ነው፣ የ«ሸረበ» ጠባብ ነው። «ገመደ» ዘለላዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ከማሳለፍ ይልቅ አብሮ ማክረርን ያሳያል፤ ልጆች ለቡሄ የሚያጮኹት ጅራፍ ይገመዳል። «ታታ» ደግሞ ሥራው ጠፍጣፋና ሰፊ ሲሆን ነው፤ አልጋ በጠፍር ይታታል፣ ሰሌን ይታታል፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃም ለአጥርና ለግድግዳ ይታታል። መሶብ ግን አይታታም፣ አይጎነጎንም፣ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ሥራው የሚሠራው ስንደዶውን እያዞሩ በወስፌ እየወጉ አክርማውን በማሳለፍ ስለሆነ ከመርፌ ሥራ ጋር ይመደባል። በዚህ ላይ ብዙ የከተማ ልጆች ይሳሳታሉ፤ «መሶብ ጎነጎነች» የሚል ጽሑፍ ከአንድ በላይ መጥቶልናል።

«ጠለፈ»ን እርስዎ ባይጠይቁም ልጨምረው፤ የባልደረባዎን ክርክር ለመመለስ ስለሚረዳ። ጥልፍ ቀሚስ ይጠለፋል፤ ወንዝም ለመስኖ ይጠለፋል፤ አውሮፕላንም፣ ልጃገረድም በወንጀለኛ እጅ ይጠለፋሉ። እንዲህ ያለ ወንጀል የተሸከመ ግሥ የሙሽራን ቀሚስ ለመናገር ካላሳፈረን፣ የአያትን ጨዋታ ለመናገር «ጎነጎነ» ሊያሳፍረን አይገባም።

«ሸመነ» ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ጨርቅን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ነው። ድርና ማግ፣ መወርወሪያና መርገጫ በሌለበት ቦታ ሽመና የለም። በዘይቤ አነጋገር ውስጥ የገቡት ሽመና ያስገኛቸው ስሞች ናቸው፤ ድር፣ ማግ፣ ፈትል፣ ጥበብ የሚሉት ሁሉ ከጨርቅ ወጥተው ወደ ሐሳብ ዓለም ተሻግረዋል፤ በተለይ «ጥበብ» የቀሚስን ጥለትም የሰውን ዕውቀትም በአንድ ስም መጥራቱ ሸማኔዎቻችን ሲናቁ በኖሩበት አገር የሚያስገርም ነው። ግሡ «ሸመነ» ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። «ታሪክ ሸመነች» የሚለው ሐረግ ለጆሮዬ ከሌላ ቋንቋ ተገልብጦ የመጣ ይመስለኛል፤ አማርኛ ተናጋሪ አያት የልጅ ልጇን «ነይ ታሪክ ልሸምንልሽ» አትልም። ስለዚህ የባልደረባዎ እርማት አንድ ትክክለኛ ቃል አውጥቶ አንድ እንግዳ ቃል አስገብቷል።

የተማሪዋን ዓረፍተ ነገር እንደገና ላንብበው፦ «የልጅነቷን፣ የስደቷንና የትዳሯን ታሪክ እንደ ሹሩባ ጎንጉና አጫወተችን»። ልጅቱ ሦስት ነገሮችን መቁጠሯን አስተውለዋልን? ሦስት ዘለላ ናቸው። አያቲቱ ስለ ልጅነቷ ስትናገር ስደቱ ጣልቃ ይገባል፣ ስለ ስደቱ ስትናገር ትዳሩ ብቅ ይላል፣ ልጅነቱም ለጥቂት ጊዜ ተሰውሮ ይመለሳል። አረጋውያን እንዲህ ነው የሚያወጉት። በ«ሸምና» ይህ ሁሉ ይጠፋል። አንድ ነገር ብቻ አሳስባለሁ፤ «እንደ ሹሩባ» የሚለው ከዓረፍተ ነገሩ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። እርሱ ወጥቶ «ታሪኳን ጎንጉና አጫወተችን» ብቻ ቢቀር፣ አንዳንድ አንባቢ አያቲቱ ታሪኩን ፈጥራ የነገረቻቸው አድርጎ ሊረዳው ይችላል፤ ተሳቢው ረቂቅ በሆነ ቁጥር ግሡ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያዘነብል የሚጠቁም ቃል ያስፈልገዋል።

ወደ ተማሪዎችዎ ሣቅ ልመለስ። ሣቃቸው ተገቢ ነው፤ እኔም በቦታው ብሆን እሥቅ ነበር። በአፋን ኦሮሞ «ሴራ» ሕግ ነው፣ «ሄራ» ደግሞ ሕገ መንግሥት ነው፤ በዚያ ጆሮ «ሴራ ጎነጎኑ» የሚለው ዜና ሕግ አውጪዎች ሥራቸውን እንደ ሠሩ የሚናገር ይመስላል። ከጅማ ራቅ ብለው ወደ ጉራጌ ቢሄዱም በክስታኔ «የጎርደና ሴራ» የሚባለው የአገር ባህላዊ ሕግ ነው። በአማርኛ ግን በተለመደው አነጋገር «ሴራ» ሰው ተደብቆ የሚያሰናዳው ክፉ ውጥን ነው። ተማሪዎቹን «ተሳስታችኋል» ከማለት ይልቅ ሁለቱን ቃላት በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን አስፍረው፣ በየቋንቋው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩባቸው ቢያደርጉ ልዩነቱ አይረሳቸውም።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ የሚያስደስታቸው ነገር ያገኛሉ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሐያስያን የልብ ወለድን ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት መያያዝ «ሴራ» ብለው ይጠሩታል፤ ከገጸ ባሕርይ፣ ከጭብጥና ከመቼት ጋር አብሮ የሚማሩት ነው። (መቼት ራሱ «መቼ» እና «የት» ተጎንጉነው የተሠራ ቃል መሆኑን ካልነገሯቸው ይንገሯቸው።) ስለዚህ አንድ ደራሲ «ሴራውን በጥንቃቄ ጎንጉኖታል» ቢባል ሙገሳ ነው፤ ያው ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ ባለሥልጣን ቢባል ክስ ነው። ለፈተና ጥያቄ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። የቀደሙት ጸሐፍት «ጐነጐነ» እና «ጕንጕን» እያሉ ጽፈዋል፤ በዛሬው ልማድ «ጎነጎነ» እና «ጉንጉን» ይበዛል። ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። የማይፈቀደው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማደባለቅ ነው፤ በተለይ «ጐነጎነ» ብሎ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለቱን ማስገባት የግድየለሽነት ምልክት ነው። ከ«ተጎናጸፈ» ጋርም አያምታቱት፤ ድል ይጎናጸፉታል እንጂ አይጎነጉኑትም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ፣ ሒርማታ አካባቢ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ልከፍት እየተሰናዳሁ ነው። በሰሌዳው ላይ «ሹሩባ እንጎነጉናለን» ልበል ወይስ «ሹሩባ እንሠራለን»? ሰሌዳ ጻፊው «ፀጉር ጎንጓኝ» ብለሽ ብታጽፊ ያጥርልሻል ብሎኛል።

የፀጉር ባለሙያ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህታችን፣ «ሹሩባ እንሠራለን» ይበሉ። የሚጎነጎነው ፀጉሩ ነው፤ ሹሩባ ደግሞ ተጎንጉኖ ሲያልቅ የሚገኘው ሥራ ነው፤ ደንበኞችዎም «ሹሩባ ሥሪኝ» ብለው ይመጣሉ እንጂ «ሹሩባ ጎንጉኚልኝ» የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ግሡን የግድ ከወደዱት «ፀጉር እንጎነጉናለን» ማለት ይችላሉ፤ ስሕተት የለበትም። አልባሶ የሚሠሩም ከሆነ በስሙ ለይተው ያስጽፉት፤ የሠርግ ሰሞን የሚፈልጉት ይኖራሉ። ቅጥያ ፀጉር የሚጨምሩ ከሆነም «በቅጥያ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

የሰሌዳ ጻፊውን ምክር ግን አይቀበሉት። ከላይ ለመምህሩ እንደ ገለጽነው «ጎንጓኝ» ከሴረኛ ጋር ብዙ ስለ ኖረ፣ ከበላዩ «ፀጉር» ቢጻፍበትም መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይሥቅበታል። በፊደል ቁጥር የሚያስከፍልዎ ከሆነ «ሹሩባ» የምትለው አንዲት ቃል በትልቁ ብትጻፍ ትበቃዎታለች።